ስካን ካደረግኩ በኋላ ወረቀቱን ልጣለው? ጥያቄዬና 31ዱ መልሶች

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ሌሊት ጣሪያው ውስጥ ያለፈው የውሃ ቱቦ አፍስሶ፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የምናስቀምጣትን ቦርሳ ሲያርሳት አደረ። የቤተሰቡ ወረቀት በሙሉ እዚያች ቦርሳ ውስጥ ነው፦ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ባለቤትነት ሰነድ፣ የሕክምና ውጤት፣ ማን እንዳስገባው የማይታወቅ የድሮ ደረሰኝ። ጠዋት ከፍቼ ሳየው አብዛኛው ተርፏል። የአባቴ የትምህርት ማስረጃ ግን እጥፋቱ ውሃ ጠጥቶ፣ ሐምራዊው ማህተም ቀለሙን ለቆ ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ ተገልብጦ ታትሟል።

የዚያኑ ቀን ስካነር ተውሼ ያገኘሁትን ሁሉ ስካን አደረግኩና ወደ አንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ሄድኩ። የጠየቅኩት ሦስት ነገር ነው፦ ስካን አደራረጌ ትክክል ነው ወይ፣ በምን ዓይነት ፋይል ልያዘው፣ የት ላስቀምጠው። አራተኛውን እንደ ዋዛ ነበር የጨመርኩት፤ ከእንግዲህ ወረቀቱን ልጣለው ወይ ብዬ። የመልሶቹን ክር ያጋለው ይኸው የመጨረሻው ነው።

1ኛው መልስ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። በስልክ ፎቶ አንስቶ ክላውድ ላይ መጫን ነው፣ ይህም ጥያቄ ሆኖ ነው ወይ የሚል ነበር። 2ኛው ደግሞ እሱ ሰነዶቹን ሁሉ በቴሌግራም ለራሱ ልኮ እንደሚያስቀምጥ፣ እስካሁንም ምንም እንዳልገጠመው ነገረን። ሁለቱም በቅንነት ነው የጻፉት፤ ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው ማንበባቸውን ግን እንጃ።

3ኛውን መልስ የጻፈው ሰው በሕግ ሥራ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ አጻጻፉ ያስታውቃል። ወረቀቱን እንዳልጥል ለመነኝ ማለት ይቻላል። ስካን የተደረገው ፋይል የሰነዱ ምስል ነው፣ ሰነዱ ግን ወረቀቱ ነው አለ። በእጅ የተፈረመ ፊርማ፣ ወረቀቱን ጎድጎድ አድርጎ የሚታተም ደረቅ ማህተም፣ ብርሃን ላይ ሲይዙት የሚታይ የውሃ ምልክት፣ እነዚህ ሁሉ በምስል ውስጥ የሉም ወይም ቢኖሩም ማረጋገጫ አይሆኑም። የልደት፣ የጋብቻ፣ የዲግሪ፣ የባለቤትነት፣ የውርስና የኑዛዜ ሰነድ ዋናው መቼም አይጣልም። የመብራትና የስልክ ክፍያ፣ የባንክ መግለጫ፣ ዋስትናው ያለፈበት ዕቃ ደረሰኝ የመሳሰለውን ግን የየአገሩ ሕግ እንዲያዝ የሚያስገድድበት ዘመን ካለፈ በኋላ መጣል እንደሚቻል፣ ሲጣልም ተቀዶ እንጂ እንዳለ ቅርጫት ውስጥ መግባት እንደሌለበት አስረዳ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ቦርሳዋን ከቆሻሻው ማስቀመጫ አጠገብ አነሳኋት። አዎ፣ እዚያ ነበረች።

4ኛው መልስ የዚህ ክር አውራ ነው። የጻፈችው መዝገብ ቤት ውስጥ ለዓመታት የሠራች ሴት ናት፤ ረጅም ነበር፣ ግን አንድም የሚዘለል መስመር አልነበረውም። መጀመሪያ ስቴፕሉና አግራፉ ይነቀል፤ ዝገታቸው ከውሃ ባልተናነሰ ወረቀት ይበላል። የተቀደደ ሰነድ በፕላስተር አይለጠፍ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቡኒ ሆኖ ጽሑፉን ይውጠዋል። ለተራ ጽሑፍ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነሱት ነጥቦች ብዛት) ይበቃል፤ ለፎቶግራፍ፣ ለደቃቅ የእጅ ጽሑፍና ለማህተም 600 ይሁን። ሁልጊዜ በቀለም፤ በጥቁርና ነጭ የተነሳ ማህተም ከፊርማው ጋር ተደባልቆ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናልና። የስካነሩ መስታወት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ፣ ወረቀቱ አራቱም ጠርዙ እንዲታይ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ይነሳ። በመጨረሻም ጀርባው ባዶ ቢመስልም ይነሳ አለች። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አንብቤ አለፍኳት።

5ኛው ሰው ነገሩን ከፍ ሊያደርገው ፈለገና፣ እሱ ሁሉንም በ1200 ዲፒአይ እንደሚያነሳ ጻፈ። 6ኛው በትህትና አረመው። ሒሳቡንም አስቀመጠለት፦ አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ፒክስል ነው፤ በቀለም ካልተጨመቀ 26 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ዲፒአዩ እጥፍ ሲሆን ፋይሉ አራት እጥፍ ያድጋል፤ ወደ 1200 ሲኬድ አሥራ ስድስት እጥፍ። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ከተሰራጨበት በላይ ዝርዝር ስለሌለ ትርፉ ክብደት ብቻ ነው። እግረ መንገዱንም ለ2ኛው አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲላክ አሳንሶ ነው የሚልከው፣ እንደ ፋይል ካልተላከ በስተቀር። 2ኛው ወዲያው ተመልሶ የድሮ ሰነዶቹን አጉልቶ እንዳያቸውና ቁጥሮቹ እንደተድበሰበሱበት ቢናገር ደስ ባለኝ፤ አልተመለሰም።

7ኛው ስለ ፋይል ዓይነት ነበር። ጄፔግ እየታረመ በተቀመጠ ቁጥር ከጥራቱ እንደሚቀንስ፣ ቲፍ ምንም ሳይቀንስ እንደሚይዝ ግን ከባድ እንደሆነ፣ ለብዙ ገጽ ሰነድ ደግሞ ፒዲኤፍ/ኤ የሚባለው ለረጅም ዘመን ማኖሪያ ተብሎ የወጣ ደረጃ እንደሆነ ጻፈ። ደረጃው እ.ኤ.አ. በ2005 አይሶ 19005 ተብሎ የወጣ ሲሆን፣ ሰነዱን ለማሳየት የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ፊደሉ ጭምር፣ ፋይሉ ውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል። ለማሳየት ከውጭ የሚጠራ ነገር የለ። እኔ በበኩሌ የራሴን 19 ፋይሎች በጄፔግ ነበር ያስቀመጥኳቸው፤ አንዴ ተነስተው ካልተነካኩ ችግር የለውም ብሎ አጽናናኝ።

8ኛው ያመጣው ታሪክ ያስደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪሰል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ አንድ የዜሮክስ ማሽን የቤት ፕላን ስካን ሲያደርግ ቁጥሮችን እንደሚለውጥ ደረሰበት። ሦስት ክፍሎች 14.13፣ 21.11 እና 17.42 ካሬ ሜትር ተብለው የተጻፉበት ፕላን ሲወጣ ሦስቱም 14.13 ሆነው ተገኙ። ማሽኑ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል ተመሳሳይ የመሰሉትን ቁርጥራጭ ምስሎች አንዱን በሌላው ይተካ ነበር፤ 6 ወደ 8 የተቀየረበትም አለ። የሚያስፈራው ምስሉ አለመበላሸቱ ነው፤ ጥርት ብሎ ነው የሚዋሸው። ኩባንያው በኋላ ማስተካከያ ሶፍትዌር አውጥቷል።

እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተቀየረ። 9ኛው ሰው የጥንት ተረት እየጎተታችሁ ሰው አታስፈራሩ፣ ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ማሽን የለውም ብሎ ተነሳ። 8ኛውን አስፈራሪ ከማለትም አልተመለሰም። 10ኛው ነገሩን አበረደ፤ ማሽኑ ይኑርም አይኑርም፣ የሰነድ ቁጥር፣ ቀንና የገንዘብ መጠን ከወረቀቱ ጋር ጎን ለጎን ተይዞ በዓይን መነበብ እንዳለበት ተናገረ። እኔም ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አለፍኩ፤ ሆዴ ግን ከ8ኛው ጋር ነበር።

11ኛዋ የጻፈችውን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። የእናቷን የላቦራቶሪ ውጤት እንዳይበላሽ ብላ ላሚኔት ልታስደርገው ወሰደችው። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ዓይነት፣ ያ የሚያንሸራትተው ቀጭን ወረቀት ነበር። በአንደኛው የማሽኑ በኩል ነጭ ሆኖ ገብቶ በሌላኛው ጠቁሮ ወጣ። እጇ ላይ የቀረው በፕላስቲክ የታሸገ ጥቁር ወረቀት ነው። ሰውየው ማሽኑን እንዳቆመና ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው እንደተያዩ ጽፋለች። 12ኛው በዚያ ላይ ጨመረ፤ እንዲህ ያለው ወረቀት ሙቀት ባያገኘውም በራሱ ጊዜ ይደበዝዛል፣ ቦርሳ ውስጥ የከረመ ደረሰኝ ነጭ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስካን የሚደረገው አዲሱና ንጹሑ ደረሰኝ ነው እንጂ አሮጌው የልደት ወረቀት አይደለም። ይህ ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። ላሚኔትን በተመለከተም ዋና ሰነድ ጭራሽ መታሸግ እንደሌለበት፣ አንዴ ከታሸገ መልሶ ማውጣት እንደማይቻልና አንዳንድ ቢሮ እንደማይቀበለው 3ኛው ሰው ተመልሶ አረጋገጠ።

ከዚያ ነገሩ መንገድ ሳተ። 13ኛው የአያቱን ፎቶግራፎች አነሳ፤ ጀርባቸው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ስም እንዳለ፣ ግን ግማሾቹን ማንም እንደማያውቃቸው። 14ኛው ደግሞ የራሱን አመጣ። የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ አሁኑኑ እየጠየቁ በድምፅ መቅዳት ነው ተባለ፤ ከሰነድ ወጥተን ስለ ዘመድ አዝማድ ስናወራ ግማሽ ቀን ሄደ። አልተከፋሁም።

15ኛው መለሰን። ፒዲኤፉን በፓስወርድ መቆለፍ ነው፣ መታወቂያና ፓስፖርት እንዲሁ ተከፍቶ አይቀመጥም አለ። 16ኛው ወደ 7ኛው ጠቆመው፤ ፒዲኤፍ/ኤ መቆለፍን በደረጃው አይፈቅድም፣ ለዘመናት ይነበብ የተባለ ፋይል ቁልፍ ጠፍቶበት ሊቀር አይገባም ተብሎ ነው። መፍትሔው ፋይሉን ሳይሆን የሚቀመጥበትን መቆለፍ ነው፦ ቬራክሪፕትን የመሰለ ፕሮግራም ወይም የኮምፒውተሩ የራሱ የዲስክ መቆለፊያ። ፓስወርዱም አራት አምስት ተራ ቃላት የተቀጣጠሉበት ረጅም ቢሆን ይሻላል፣ የልደት ቀን ከመሆን።

17ኛው ክላውድን ይጠላል። የሰው ጎተራ ውስጥ እህልህን ካስገባህ ቁልፉ ያንተ አይደለም የሚል ዓይነት ሰው ነው፤ ሰነዱ ሁሉ ቁልፍ መያዣው ላይ በተንጠለጠለች ፍላሽ ላይ እንዳለ በኩራት ነገረን። 18ኛው እርስዎ እያለ ነው የመለሰለት። ፍላሽ መረጃ የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ እንደሆነ፣ ለዓመታት ሳይሰካ ከቆየ ቻርጁ ቀስ በቀስ ሊያልቅ እንደሚችል፣ ቁልፉ የጠፋ ቀን ደግሞ ሁሉም እንደሚጠፋ አስረዳውና 3-2-1 የሚባለውን ልማድ መከረ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። 19ኛው ያው የፍላሹ ሰውዬ ነው። መልሱን እርስዎ ብሎ ጀምሮ፣ መሐል ላይ ሲደርስ አንተ ብሎ፣ ሲጨርስ የጎረምሳ ምክር አልፈልግም አለ። ይሁንና ከስድቡ ሥር አንድ ቁም ነገር ነበረው። ልጁ ላፕቶፑ ላይ አንድ ፎልደር አጥፍቶ፣ ፎልደሩ ከክላውዱም ከስልኩም አብሮ ጠፍቶበታል። ሦስት ቦታ አለኝ ያለው ለካ አንድ ቦታ ኖሯል።

18ኛው በ20ኛው መልስ ላይ ሲመጣ ትህትናው ተሟጧል። ጎግል ድራይቭ የጠፋውን 30 ቀን በቆሻሻ ሳጥኑ ውስጥ ያቆያል፣ አላየህም እንዴ ብሎ አንተታውን መለሰለት። እውነት ነው፤ ግን የልደት ወረቀቱን በየ30 ቀኑ የሚከፍት ማን አለ? እንደ እኔ ከሆነ የፍላሹ ሰውዬ ስለ ፍላሹ ተሳስቷል፣ ስለ ክላውዱ ግን አልተሳሳተም፤ አንዱ ጋ ሲጠፋ ሁሉም ጋ የሚጠፋ ፎልደር መጠባበቂያ አይደለም። 21ኛው መልስ የመድረኩ አስተናባሪ ነበር፤ ሁለቱንም ገሠጸና ሁለት መልስ ሰረዘ፣ እኔ ግን ቀድሜ አንብቤያቸው ነበር።

22ኛው እሳት የማይበግረው ካዝና ገዝቶ ወረቀቱንም ሃርድ ዲስኩንም እዚያው እንደቆለፈባቸው ሲጽፍ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። ወዲያው የመዝገብ ቤቷ ሴት ገብታ ካዝናው ላይ ያለውን ምልክት እንዲያነብ ጠየቀችው። ዩኤል በተባለው የአሜሪካ የደህንነት ደረጃ 350 የሚል ምልክት ያለው ካዝና ለወረቀት የተሠራ ነው፤ ቁጥሩ ፋራናይት ሲሆን ውስጡ ከ177 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ ነው የሚከላከለው። ወረቀት ይህን ይችለዋል፤ ዲስክ ግን አይችለውም። ለዲስክ የሚሆነው 125 የሚል ምልክት ያለው፣ ማለትም ከ52 ዲግሪ የማያልፈው ነው። ሰውዬው ሄዶ አይቶ 350 ነው ብሎ መለሰ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

23ኛው ከእሳት ሳይወጣ እ.ኤ.አ. በ1973 ሴንት ሉዊስ ውስጥ የተቃጠለውን የአሜሪካ የወታደሮች መዝገብ ቤት አነሳ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ የግል ማኅደር ነው የጠፋው፤ ፎቶኮፒም ማይክሮፊልምም አልነበረውም። መንግሥት እንኳ በአንድ ቅጂ ተማምኖ ነበር ለማለት ነው። 24ኛው በተቃራኒው መጣ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1986፣ በ1086 የተጻፈውን የእንግሊዝ የሕዝብና የመሬት መዝገብ 900ኛ ዓመት ለማሰብ በሌዘር ዲስክ አዲስ መዝገብ አዘጋጅቶ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ዲስኩን የሚያነብ ማሽን ማግኘት ችግር ሆነ፤ ይዘቱን ያዳኑት በብዙ ድካም ነው። የዘጠኝ መቶ ዓመቱ መዝገብ ግን ዛሬም ገልጠው ያነቡታል። ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ሳነባቸው የ3ኛው ሰው ልመና ገባኝ።

25ኛው መልስ ሲመጣ ቀልዱም ጭቅጭቁም ቆመ። ባሏ በድንገት ያረፈ ሴት ናት። እሱ ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ሁሉንም ስካን አድርጎ፣ በየስሙ ለይቶ፣ በጠንካራ ፓስወርድ ቆልፎታል። ፓስወርዱን ለማንም አልተናገረም። ፎልደሩ ላፕቶፑ ላይ እንዳለ ታየዋለች፤ መጠኑን ታውቀዋለች፣ መቼ እንደተሻሻለም ታውቃለች። የልጆቹን ስም፣ የተጋቡበትን ቀን፣ የድሮ ስልክ ቁጥራቸውን ሞክራለች። አሁንም አንዳንድ ማታ ትሞክራለች። ምክር አልጠየቀችም።

ከእሷ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ማንም አልጻፈም። 26ኛው ቀስ ብሎ፣ ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ በታሸገ ፖስታ ከታመነ ሰው ዘንድ ወይም ከኑዛዜው ጋር ቢቀመጥ ብሎ አነሳ፤ ፖስታው ውስጥ ፓስወርዱ ብቻ ሳይሆን ፋይሉ የት እንዳለና በምን እንደሚከፈት ጭምር ተጽፎ። ወረቀትን ለማዳን ተነስተን ወረቀት ላይ ተመለስን። 27ኛው የስካን አገልግሎት ማስታወቂያ ነበር፣ ተሰረዘ።

28ኛው ፋይል ስለ መሰየም ጻፈ፤ የሰው ስም፣ የሰነዱ ዓይነት፣ ከዚያ ዓመት ወር ቀን በቁጥር፣ በዚህ ቅደም ተከተል ከሆነ በራሱ ይሰለፋል። ከዚያም የአማርኛን ጣጣ አመጣ። ኃይሉ ብሎ የሰየመውን ፋይል ሀይሉ ብሎ ሲፈልገው ኮምፒውተሩ የለም ይለዋል፤ ፀሐይና ጸሀይም እንደዚያው። ለዓይናችን አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በኦሲአር፣ ማለትም ምስሉን አንብቦ ፊደል በሚያወጣ ፕሮግራም፣ ወደ ጽሑፍ የተቀየረ ሰነድ ውስጥ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ጸን በጻ እየቀየረ ነገሩን ያባብሰዋል። የሱ መላ አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያ መጽናትና የሁሉንም ሰነድ ዝርዝር በአንድ ገጽ አትሞ ከዋናዎቹ ጋር ማስቀመጥ ነው። ስለ ሞክሼ ፊደላት መቀነስ አለመቀነስ ክርክር ሊነሳ ሲል አስተናባሪው ቀደመ።

29ኛውን የጻፈችው የመዝገብ ቤቷ ሴት ናት። ለእኔ ነበር የተጻፈው፤ አንድ መስመር ብቻ ነው። ስካን ያደረግካቸውን ፋይሎች ከዚያ ቀን ወዲህ ከፍተህ አይተሃቸዋል ወይ ትላለች።

አልከፈትኳቸውም ነበር። 19ኙንም አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ሁለቱ ጎናቸው ተቆርጧል። አንዱ ተገልብጦ ነው የተነሳው። የአባቴ ማስረጃ ግን ደህና ነው አልኩና ወረቀቱን አምጥቼ ጎን ለጎን ያዝኩት። ሳገላብጠው ጀርባው ላይ በሰማያዊ ብዕር የተጻፈ የመዝገብ ቁጥር፣ ከሥሩ አጭር ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ክብ ማህተም። ፋይሉ ውስጥ የለም። የ4ኛው መልስ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ትዝ አለኝ። ስካነሩን እንደገና ልዋስ ሄድኩ። 30ኛው መልስ የእኔ ነው፤ ይህንኑ አንድም ሳልደብቅ ጻፍኩላት።

በ31ኛው ስለ ጀርባው ምንም አላለችም፤ የረጠበው ወረቀት እንዴት እንደደረቀ ነው የጠየቀችኝ። እርጥብ ወረቀት በፀሐይም በፀጉር ማድረቂያም አይደርቅም፣ የተጣበቀውም በጉልበት አይላቀቅም። ውሃ በሚመጥ ንጹሕ ወረቀት መሐል ተደርጎ፣ ወረቀቱ ቶሎ ቶሎ እየተቀየረ፣ ነፋሻ ቦታ ላይ ይተኛ፤ ሻጋታ ከሁለት ቀን በኋላ ሊጀምር ስለሚችል ጊዜ ከሌለ በላስቲክ ጠቅልሎ በረዶ ቤት ማስገባት ይሻላል። እኔ መስኮት ላይ ነበር ያሰጣሁት፤ ጥግ ጥጉ ተሸብሽቧል። ተበላሽቷል ግን አልልም፤ ይነበባል።

ከሥሩ የነበረውን፣ ማህተሙ የተገለበጠበትን ወረቀት ልጥለው ነበር፤ ባዶ ወረቀት ነው። በመጨረሻ እሱንም በ600 አነሳሁት።